ክትፎ ወይስ ቅቅል? ጎመን ወይስ ቆስጣ? ለነፍሰ ጡሮች የምግብ ምርጫ መመሪያ

ከለገሃር እስከ ስታዲየም ባለው መንገድ በምሳ ሰዓት የወጣ ሰው የሚበላ አያጣም። አንዱ ጋ ክትፎ፣ ቀጥሎ የጾም በያይነቱ፣ ማዶ በርገር፣ ጥጉ ላይ ጭማቂ ቤት፣ ደጅ ላይ ቆሎና ሳምቡሳ። ለነፍሰ ጡር ሴት ግን ይሄ ሁሉ ምርጫ ራስ ምታት ነው። እናት አንድ ነገር ትላለች። አማት ሌላ ትላለች። ቢሮ አጠገቧ የምትቀመጠው ደግሞ ቲክቶክ ላይ ያየችውን ትነግራታለች።

ታናሽ እህቴ አሁን ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። የምትሠራው እዚያው መሃል ከተማ ነው። ክትትል በሄደች ቁጥር «የተመጣጠነ ምግብ ብይ» ትባላለች። ከዚያ ለእኔ ትደውልና «እሺ፣ ከሁለቱ የቱን ልዘዝ?» ትለኛለች። ጥያቄዋ ልክ ነው። ምክሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ ችግሩ ሜኑ ፊት ሲቀመጡ ነው። ስለዚህ እዚህ የማነሳው አንዱን መርጠን ሌላውን የምንተውባቸውን ነገሮች ነው። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ብር አልጠቅስም። ውድ ሁሉ የተሻለ እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ ልንገርሽ። ብዙ ጊዜ ልዩነት የሚፈጥረው ምግቡ በደንብ መብሰሉና አብሮት የሚበላው ወይም የሚጠጣው ነገር ነው።

ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኩላሊት ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ካለብሽ የሐኪምሽ ቃል ይቀድማል።

ለሁለት ሰው ልብላ ወይስ እንደ ወትሮዬ?

«ለሁለት ሰው ብይ» የሚሉሽ ወደውሽ ነው፤ መጠኑ ግን እንደዚያ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ተጨማሪ ምግብ እምብዛም አያስፈልግም። ከአራተኛው ወር ጀምሮ በቀን 340 ካሎሪ ገደማ ይጨመራል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ 450 ገደማ። 340 ካሎሪ ማለት አንድ ብርጭቆ ወተት፣ አንድ ሙዝና አንድ እፍኝ ቆሎ ነው። ከእርግዝናው በፊት ክብደቷ መካከለኛ የነበረች ሴት እስክትወልድ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ብትጨምር ጤናማ ነው። ቀጭን የነበረች ከዚህ በላይ፣ ወፈር ያለች ደግሞ ከዚህ በታች ትጨምራለች።

ተቃራኒውም አለ። «ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይከብድሻል» ተብለው ምግብ የሚቀንሱ ሴቶች አሉ። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። እናት ስትራብ ልጁ ክብደቱ አንሶ ይወለዳል፣ በበሽታም ቶሎ ይጠቃል። ምጡም በዚህ አይቀልም። ከሁለቱ ምክሮች አንዱን የግድ ተቀበይ ብባል «ለሁለት ብይ» የሚለውን እመርጣለሁ።

ክትፎ፦ ጥሬ፣ ለብለብ ወይስ ብስል?

እዚህ ላይ ለዘብ ማለት አልችልም። ብስል ብቻ።

ጥሬ ሥጋ ላይ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል። ሌላውን ሰው ቢይዘው እንደ ጉንፋን ነካ አድርጎት ያልፋል፣ ብዙ ጊዜም ሳይታወቅ ይቀራል። በእርግዝና ላይ እያለች ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛት ሴት ግን ወደ ፅንሱ ልታስተላልፈው ትችላለች። የልጁን ዓይንና አንጎል ይጎዳል፣ ሊያስወርድም ይችላል። ኮሶ ትሉም አለ። ለእሱ ተብሎ የሚጠጣው ባህላዊው የኮሶ መድኃኒት ደግሞ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ በጭራሽ አይሞከርም።

ለብለብ መካከለኛ መፍትሔ ይመስላል። አይደለም። ቅቤው ሞቀ እንጂ ሥጋው አልበሰለም። ሚጥሚጣውም፣ አዋዜውም፣ ኮረሪማውም ተሕዋስ አይገድሉም። የተከተፈና የተፈጨ ሥጋ ሌላም ጣጣ አለው፦ ከላይ የነበረው ጀርም ሲከተፍ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሙቀቱ መሃሉ ድረስ መድረስ አለበት። ለተፈጨ ሥጋ የሚመከረው 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሆቴል ቴርሞሜትር ይዘሽ አትሄጂም፤ ዓይንሽን ተጠቀሚ። ክትፎውን በማንኪያ ከፈት አድርጊው። መሃሉ ቀላ ካለ መልሺው። ስታዢም «ብስል፣ በጣም ብስል፣ ነፍሰ ጡር ነኝ» በይ። ክትፎ ቤቶች ይህን ትዕዛዝ ለምደውታል፣ ማንም አይስቅብሽም። ለበርገርም ሕጉ አንድ ነው። ቁርጥ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ከጓደኞችሽ ጋር ብትቀመጪም ቢላዋውን፣ ሳህኑንና አዋዜውን አትጋሪ።

በሥጋ ምግቦች መሃል የእኔ አንደኛ ምርጫ ቅቅል ነው። ለረጅም ሰዓት ስለሚንተከተክ ስለመብሰሉ ጥርጣሬ የለም። ቅመምና ዘይቱ ትንሽ ስለሆነ ቃር ለሚያስቸግራት ይስማማል። መረቁ ደግሞ ምግብ አልወርድ ባለሽ ቀን ይወርዳል። ቀጥሎ ዶሮ ወጥ ነው፤ እሱም ብዙ ሰዓት እሳት ላይ ይቆያል፣ እንቁላልም አለው። ሦስተኛ ደረቅ ጥብስ፣ ደህና ደረቅ ያለው።

ዱለት ሁለት ችግር አለበት። ብዙ ጊዜ ለብለብ ተደርጎ ነው የሚቀርበው። ጉበትም ይገባበታል፤ እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

ዓሳ የሚገባውን ያህል አንበላም። ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ፣ ከአርባ ምንጭና ከጣና የሚመጣው ቆሮሶ ሜርኩሪው፣ ማለትም ፅንስን የሚጎዳው ብረት፣ ዝቅተኛ ነው፣ ፕሮቲኑም ጥሩ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ጥሩ ልማድ ነው። ጥብሱም ጉላሹም ይሆናል። ጥሬውን ግን ተይው። የቆርቆሮ ቱና አልፎ አልፎ ችግር የለውም፤ ጾም ገባ ብሎ በየቀኑ የቱና ሳንድዊች መብላት ግን አይመከርም፣ ከቆሮሶ የበለጠ ሜርኩሪ አለው።

ለደም፦ ቀይ ስር፣ ጉበት ወይስ ምስር?

የደም ማነስ አለብሽ የተባለች ሴት መጀመሪያ የሚታዘዝላት የቀይ ስር ጭማቂ ነው። ሐኪሙ አይደለም የሚያዘው፤ ሰፈሩ ነው። ቀይ ስር መጥፎ ምግብ አይደለም፣ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚንም አለው። ደም የሚሠራበት ማዕድን፣ አይረኑ፣ ግን ትንሽ ነው። 100 ግራም ቀይ ስር ውስጥ ያለው አይረን 1 ሚሊ ግራም አይሞላም። ያንኑ ያህል የበሰለ ምስር ከ3 ሚሊ ግራም በላይ አለው። ምስሩ ፎሌት፣ ፕሮቲንና አሰር ጨምሮ ነው የሚሰጥሽ። ስለዚህ ምስር ያሸንፋል፣ በሰፊ ልዩነት።

ጉበት በአይረን ከሁሉም ይበልጣል። ግን 100 ግራም የበሬ ጉበት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ ለአንድ ቀን ከተቀመጠው ከፍተኛ ገደብ፣ ማለትም ከ3,000 ማይክሮ ግራም በላይ ነው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት የበዛ የዚህ ዓይነቱ ቫይታሚን ኤ ፅንሱ አፈጣጠር ላይ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። እማማ «ጉበት ብይ፣ ደም ይሆንሻል» ሲሉሽ አክብረሽ ስሚያቸው፤ ሳህንሽ ላይ ግን ቀይ ሥጋ ወይም ምስር ይሁን። በካሮትና በጎመን የሚገኘው ቫይታሚን ኤ ይህ ችግር የለበትም፣ አትስጊ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከጎመንና ከጤፍ የሚገኘውን አይረን ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም። ሁለት ነገሮች ይወስኑታል። ሎሚ ያግዘዋል፤ ቡናና ሻይ ያግዱታል።

እህቴ በያይነቱ ስታዝ ሎሚ አብሮ እንዲመጣላት ትጠይቃለች። ግማሽ ሎሚ በትንሽ ሳህን ያመጡላታል። ምስሩና ጎመኑ ላይ ትጨምቀዋለች፣ ስንግ ቃሪያውንም አትተውም። የሚያግዘው የሎሚው ቫይታሚን ሲ ሙቀት ስለማይችል ሎሚው ድስት ውስጥ ሳይሆን ገበታ ላይ ነው መጨመቅ ያለበት። ከዚያ የሥራ ባልደረቦቿ ከምሳ ቀጥታ ወደ ማኪያቶ ይሄዳሉ። ድሮ እሷም ትሄድ ነበር። አሁን ምሳዋን 6፡30 ከበላች ቡናዋን የምትጠጣው ከ8 ሰዓት በኋላ ነው። ይቺ የአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት ያለ ምንም ወጪ የምስሩን ጥቅም ታተርፍላታለች።

የቡናው መጠንስ? በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ካፌይን አትለፊ የሚለው ምክር በስፋት ይሠራበታል። የጀበናችን አቦል ጠንካራ ነው። እኔ ከሁለት ትንንሽ ስኒ በላይ አልመክርም፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ በረካ ቢሆን ይሻላል። ሻይም ካፌይን እንዳለው አትርሺ። ለስላሳ የኮላ መጠጥም እንዲሁ።

ምግብ ወይስ እንክብል የሚል ጥያቄም ይመጣል። ሁለቱም። ነፍሰ ጡር በቀን 27 ሚሊ ግራም አይረን ያስፈልጋታል፤ ይህን ከምግብ ብቻ መሙላት ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በእርግዝና ወቅት በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ (ፎሌት በእንክብል መልክ) እንዲወሰድ ይመክራል። የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች እንክብሉን በነፃ ይሰጣሉ። ከፋርማሲ የሚገዛው ባለ ቀለም ካርቶን ስሙ ስለገነነ ብቻ አይበልጥም፤ ጀርባውን አንብቢና የአይረንና የፎሊክ አሲድ መጠኑን አወዳድሪ።

እንክብሉን በውሃ ወይም በብርቱካን ዋጪው፤ በሻይ ወይም በወተት አይሁን። የካልሲየም እንክብል ከታዘዘልሽም ሰዓታቸውን ለያዪ። ሆድ ካስጨነቀሽ ማታ ስትተኚ ውሰጂው። ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ ከእንክብሉ ነው።

ፎሊክ አሲድን በተመለከተ አንድ ነገር ለማርገዝ ለሚያስቡ ጭምር መናገር እፈልጋለሁ። የልጁ አከርካሪና አንጎል የሚሠራበት ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። በአገራችን ይህ ቱቦ ሳይዘጋ የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር ከፍ ካለባቸው አገሮች ተርታ ያሰልፈናል። እዚሁ መሃል ከተማ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ለእንደዚህ ዓይነት ሕፃናት ቀዶ ሕክምና ይሰጣል። ስለዚህ ልጅ ካሰብሽ እንክብሉን ቢያንስ ከአንድ ወር ቀደም ብለሽ ጀምሪ።

ጎመን ወይስ ቆስጣ?

ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፣ በያይነቱ ላይም አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። ለነፍሰ ጡር ግን ጎመን ይበልጣል። ቆስጣ ኦክሳሌት የሚባል ነገር በብዛት አለው። እሱ ካልሲየሙን ይዞ ያስቀረዋል፣ ሰውነት አይጠቀምበትም። ጎመን ኦክሳሌቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ካልሲየሙ በደንብ ይገኛል። ወተት የማይስማማት ወይም የምትጾም ሴት ጎመንን እንደ ዋና ምግብ ትቁጠረው። በጣም ረጅም ሰዓት አይቀቀል፣ የቀቀልሽበትንም ውሃ አትድፊ፤ ፎሌቱ እዚያ ውስጥ ይቀራል። ቆስጣ ስላማረሽ አትከልከዪ፣ ተራ በተራ ይሁን።

የት ልግዛው የሚለውም ቀላል አይደለም። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ከተነሳ ወዲህ መሃል ከተማ ያለን ሰዎች ከጉሊት፣ ከእሁድ ገበያ፣ ከሾላ ወይም ከመርካቶ ነው የምንገዛው። በተበከለው የአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማ ቅጠላ ቅጠል ላይ ከባድ ብረቶች እንደተገኙ ጥናቶች አሳይተዋል። ማጠብም ማብሰልም ይህን አያጠፋም። ስለዚህ ሻጯን ከየት እንደመጣ ጠይቂያት። የምትተማመኚባት የጉሊት ደንበኛ ማበጀት በዘጠኝ ወር ውስጥ ዋጋ አለው።

ጥሬ ሰላጣ ውጪ አትብዪ። ቤት ውስጥ ግን ቅጠል በቅጠል ለይተሽ በንጹህ ውሃ አጥበሽ ብዪ። በያይነቱ ላይ የሚመጣውን ሰላጣና የቲማቲም ቁርጥ እህቴ ወደ ዳር ትገፋዋለች። ለእሷ ሎሚውና ቃሪያው ይበቃታል፤ ቃሪያውን ደግሞ የምታጥበው ራሷ ናት፣ ከቤት ይዛ ነው የምትሄደው።

ቀይ ጤፍ ወይስ ነጭ?

ቀይ። አይረኑ ይበልጣል፣ ዋጋውም ያንሳል። እርግጥ ከጤፍ አይረን ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የሚቀላቀል ነው፣ ያንን ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ቢሆንም ቀይ ጤፍ በካልሲየምም ደህና ነው። ከዓይነቱ በላይ ግን ለአቦካኩ ተጠንቀቂ። ሁለት ሦስት ቀን በደንብ የቦካ ሊጥ አይረኑን አንቆ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሰዋል። ከሱቅ የምትገዢ ከሆነ በጣም የነጣና ሲጠቀለል የሚሰባበር እንጀራ ብዙ ጊዜ ሩዝ አለበት፤ ሩዙ አይጎዳሽም፣ ግን የከፈልሽው ለጤፍ ነው።

የሰፈር ላም ወተት፣ የላስቲክ ወተት ወይስ የነፍሰ ጡር ዱቄት?

ሰፈር ውስጥ ከሚታለብ ላም የሚመጣ ወተት ጣዕሙ ሌላ ነው። ጥሬውን ግን አትጠጪ። ብሩሴሎሲስ፣ የከብት ቲቢና ሊስቴሪያ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ። ብሩሴሎሲስና ሊስቴሪያ ፅንስ ሊያስወርዱ ይችላሉ። እስኪገነፍል አፍልተሽው ግን ከማንም አያንስም። ፓስቸራይዝድ የሆነው፣ ማለትም ፋብሪካ ውስጥ ጀርሙ በሙቀት የተገደለው የላስቲክ ወተት ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ እንዳለ ይጠጣል። ሱቁ ፍሪጅ ከሌለው ወይም መብራት ጠፍቶ ከዋለ እሱንም አፍይው።

የቤት እርጎ ብዙ ጊዜ ከጥሬ ወተት ነው የሚረጋው። ቀድመሽ ወተቱን አፍይና ሲቀዘቅዝ ሁለት ማንኪያ እርጎ ጨምረሽ አርጊው። አይብም ሲሠራ ይሞቃል፣ ነገር ግን ሙቀቱ ሁልጊዜ በቂ አይደለም፣ ገበያ ላይም ተከፍቶ ይውላል። ከጎመን ጋር እሳት ላይ አዋህደሽ ብዪው።

በሱፐርማርኬትና በፋርማሲ የሚሸጡ «ለእናቶች» የተባሉ ዱቄት ወተቶች በጣም ውድ ናቸው። በጀርባቸው ከተጻፈው ውስጥ ስኳር ከመጀመሪያዎቹ መሃል ካየሽው መልሺው። በዚያ ገንዘብ ለብዙ ቀን የሚሆን ወተት፣ እንቁላልና ምስር ትገዢበታለሽ። ምግብ ፈጽሞ አልወርድ ላላት ሐኪም ሲያዝ ጉዳዩ ሌላ ነው።

«ወተትና እርጎ ከጠጣሽ ልጁ ነጭ ነገር ተለጥፎበት ይወለዳል» ይባላል። ያ ነጭ ነገር ወተት የጠጣችውም ያልጠጣችውም እናት ልጅ ላይ አለ። ተፈጥሮ የልጁን ቆዳ የምትጠብቅበት ቅባት ነው። ስለ ጎመንና ስለ ተልባ የሚባለውም እንደዚሁ ነው። ብቻ አያቶች ሲናገሩ አትከራከሪያቸው። በቀስታ አስረጃቸው፣ ካልሆነም ወተትሽን ቢሮ ጠጪ።

ልጹም ወይስ ልተው?

ይህን የምወስነው እኔ አይደለሁም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ለጾም አትገደድም። በእስልምናም ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች ረመዳንን እንድትፈታና በኋላ እንድትተካ ተፈቅዶላታል። ቢሆንም ብዙ ሴቶች ልባቸው አይፈቅድላቸውም፤ ይህንን አከብራለሁ። ከንስሐ አባትሽ ወይም ከሼሁ ጋር በግልጽ ተነጋገሪ፣ አርግዣለሁ ማለት ነውር የለውም።

ሁለት ነገሮችን ግን ለያዪ። አንዱ የጾም ምግብ መብላት ነው፤ ሌላው እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት። የመጀመሪያው በጥንቃቄ ይቻላል። ሽሮ፣ ምስር፣ አሹቅ፣ ጎመን፣ ሱፍ፣ ኑግና አቮካዶ ብዙ ነገር ይሸፍናሉ። የማይሸፍኑት ቫይታሚን ቢ12ን ነው፤ እሱ በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ብቻ ነው። ስለዚህ የምትጾም ከሆነ ቢ12 ያለበት እንክብል እንዲታዘዝልሽ ሐኪምሽን ጠይቂ። ባዶ ሆድ እስከ ከሰዓት መቆየትን ግን በእርግዝና ላይ አልደግፍም። ሰውነትሽ በሌላው ጊዜ ከለመደው ቀድሞ ነው ነዳጁን የሚጨርሰው፣ ማዞርና ማቅለሽለሹም ይብሳል።

ጭማቂ ወይስ ፍሬው?

ፍሬው። ስፕሪስ ማየት ደስ ይላል፣ ግን አንዱ ብርጭቆ ውስጥ የብዙ ፍሬ ስኳር ይገባል፣ አሰሩ ይቀንሳል፣ ላዩ ላይ ደግሞ ስኳርና ሽሮፕ ይጨመርበታል። የእርግዝና ስኳር ለሚያሰጋት ይህ ከባድ ነው። ጭማቂ ካማረሽ አቮካዶ ብቻውን እዘዢ፣ «ስኳርም ሽሮፕም እንዳይጨመር» ብለሽ። በሎሚ ይጣፍጣል። ከማዘዝሽ በፊት ብርጭቆው የሚታጠብበትን ውሃ ቃኘት አድርጊ፤ አንድ ባልዲ ውስጥ ሁሉም የሚነከር ከሆነ ሙዝ ገዝተሽ ሂጂ። የበሰለ ፓፓያ ችግር የለውም። ያልበሰለው ነው የሚከለከለው።

ለመክሰስ ከእርጥብ፣ ከሳምቡሳና ከቦምቦሊኖ ይልቅ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ ይሻላሉ። መንገድ ላይ የሚጠበስበት ዘይት ተደጋግሞ ስለሚሞቅ ነው የምለው። ለውዝ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ በአንድ እይው፤ የሻገተና የመረረ ካለ ጣይው፣ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለው። በሶ በተፈላ ውሃ ከተበጠበጠ ደህና ነው፣ ቦርሳ ውስጥም አይበላሽም።

አፈር ወይም የግድግዳ ጭቃ የሚያምራት ሴት ትኖራለች። አታፍሪ፣ ለክትትል ስትሄጂ ንገሪያቸው። ብዙ ጊዜ የአይረን እጥረት ምልክት ነው። አፈሩ ግን ትልና እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል አትብዪው።

ተልባ፣ አብሽ ወይስ ጤና አዳም?

ተልባ ከሦስቱ ቀላሉ ነው። ተቆልቶና ተፈጭቶ በውሃ ሲጠጣ የአይረን እንክብል የሚያመጣውን ድርቀት ያስታግሳል። በቀን አንድ ብርጭቆ ይበቃል፣ ከእንክብሉ ሰዓት ራቅ ይደረግ። አብሽ ወጥ ውስጥ እንደ ቅመም ሲገባ አይጎዳም፤ እንደ መድኃኒት በብርጭቆ መጠጣት ግን ይቅር፣ ማህፀንን ሊያነሳሳና የደም ስኳርን ሊያወርድ ይችላል። ጤና አዳም ማህፀንን የሚያኮማትር ቅጠል ነው። ቡናው ላይ ጣል የምታደርጊውን ለዘጠኝ ወር አቁሚው።

ጠላ፣ ጠጅ፣ ቢራ፣ አረቄ፦ ለእነዚህ ንጽጽር የለኝም። በእርግዝና ላይ ጉዳት የለውም የተባለ የአልኮል መጠን የለም። ብርዝ ያልፈላ ከሆነ ይጠጣል፤ ካደረ ግን መፍላት ይጀምራል። ጫትም የልጁን ክብደት ይቀንሳል፣ ይተው።

ጠዋት ሲያቅለሸልሽ

ቁሌት ሲሸት የማያስመልሳት ነፍሰ ጡር ዕድለኛ ናት። ባዶ ሆድ ነገሩን ያብሰዋል። ከአልጋ ሳትነሺ ደረቅ ዳቦ ወይም ጥቂት ቆሎ ብዪ። ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ዝንጅብል በውሃ ብቻ አፍልተሽ ጠጪ፤ የሻይ ቅጠል ከገባበት ቅድም ያልኩት የአይረን ነገር ይመጣል። ለቁርስ ከፍርፍርና ከጨጨብሳ ይልቅ ቂንጬ ወይም የአጃ ሙቅ ይወርዳል፣ በርበሬና ቅቤው ስለሚያንስ ቃርም አያመጣም። ውሃ እንኳ አልቆይ ካለሽ፣ ሽንትሽ ከጠቆረና ከቀነሰ ግን በቤት ነገር አትቆዪ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ።

የካርቶን ጨው ወይስ የሚሰፈረው?

ይሄ አጭር ነው። አዮዲን ያለበትን። አዮዲን ሲያንስ የልጁ አእምሮ ዕድገት ይጎዳል። በአገራችን ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ግዴታ ነው፤ ገበያ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲመታው የዋለው ግን የነበረውንም ያጣል። የታሸገውን ግዢ። ቤት ስትገቢ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ገልብጪው፣ ከምድጃው ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው። ወጡ ላይ የምትጨምሪውም ሊወጣ ሲል ነው።